ለእንግሊዝኛ ፈተና ቃላት ማጥኛ መንገዶች፦ የትኛው ለማን ይሆናል?

«ሰዋስዉ አያስቸግረኝም፤ የሚጥለኝ ቃላቱ ነው።» ይህን አቤቱታ ከ12ኛ ክፍል ተማሪም ትሰማላችሁ፣ አይኤልትስ (ለውጭ ትምህርትና ሥራ የሚጠየቀውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ሊፈተን ከተመዘገበ ሠራተኛም ትሰማላችሁ። መፍትሔ ባዩም ብዙ ነው። ኮፒ ቤቱ የተጠረዘ የቃላት ዝርዝር ያቀርባል። ቴሌግራሙ በየቀኑ አሥር ቃል ይልካል። አስጠኚው «በሁለት ወር አበቃሃለሁ» ይላል። ጓደኛ ደግሞ «ፊልም እይ ባክህ» ብሎ ይገላገላችኋል።

ሁሉም የየራሱ እውነት አለው። ግን ሁሉም ለሁሉም ፈተና አይሆንም። ብዙ ተማሪ ጊዜውን የሚያባክነው ሰንፎ አይደለም፤ ለአንዱ ፈተና የሚሆነውን መንገድ ለሌላው ስለሚጠቀምበት ነው።

መጀመሪያ ፈተናውን እወቁት

ጥያቄው አንድ ነው። ፈተናው ቃሉን ስታዩት እንድታውቁት ነው የሚፈልገው ወይስ ከራሳችሁ እንድታወጡት?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው። ምንባብ ታነባላችሁ፣ ቃሉ እዚያ ቦታ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ትጠየቃላችሁ፣ አንዱን ታጠቁራላችሁ። በኮምፒውተር የሚፈተን ደግሞ ይጫናል። ስታዩት ማወቅ ይበቃል። የፊደል አጻጻፉን ባታውቁት ማንም አይቀንስባችሁም። ዐውዱን ግን ማንበብ መቻል አለባችሁ፤ አንድ ቃል ሁለት ሦስት ትርጉም ይኖረዋልና።

አይኤልትስ ሌላ ዓለም ነው። የጽሑፉ ክፍል 60 ደቂቃ ነው። በዚያ ውስጥ አንዱ ቢያንስ 150፣ ሌላው ቢያንስ 250 ቃል ያለው ሁለት ጽሑፍ ትጽፋላችሁ። በጽሑፉም በንግግሩም ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ የቃላት አጠቃቀም ነው፤ የነጥቡን ሩብ ይይዛል። የማዳመጡ ክፍል ላይ ደግሞ መልሱን ሰምታችሁ ፊደሉን ካሳሳታችሁ ነጥቡ ሄደ። እዚህ ቃሉን «አውቀዋለሁ፣ አንድ ቦታ አይቼዋለሁ» ማለት አያዋጣም። ከእጅና ከአፍ መውጣት አለበት።

ለውጭ ድኅረ ምረቃ ጂአርኢ የሚፈተኑም አሉ። እሱ ብርቅዬ ቃላት ይወዳል፤ እንግሊዞቹ ራሳቸው በየቀኑ የማይናገሯቸውን። ይህን በልቡናችሁ ያዙትና ወደ መንገዶቹ እንሂድ።

የቃላት ዝርዝር መሸምደድ

ሽምደዳን መስደብ ፋሽን ሆኗል። እኔ ሙሉ በሙሉ አልሳደብም። ጂአርኢ ለሚፈተን ሰው ዝርዝር ግድ ነው፤ እነዚያን ቃላት በተራ ንባብ እስኪያገኛቸው ቢጠብቅ ፈተናው ያልፋል። ለሌሎቻችሁ ግን ጥያቄው የማን ዝርዝር ነው የሚለው ነው።

በፊደል ተራ የተደረደረ ዝርዝር ካገኛችሁ ተጠንቀቁ። «አዳፕት» (መልመድ፣ ራስን ማስማማት)፣ «አዴፕት» (የተካነ)፣ «አዶፕት» (ማደጎ መያዝ፣ አንድን አሠራር መቀበል) ተከታትለው ይመጣሉ። የሚመሳሰሉ ቃላት ባንድ ቀን ሲጠኑ እርስ በርስ ይደባለቃሉ። ማታ ሦስቱንም አውቃችሁ ትተኛላችሁ፤ ጠዋት የቱ የቱ እንደነበር አትለዩትም። ከተመሳሳዮቹ አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ከሳምንት በኋላ ብታደርጉት ይሻላል።

በጥናት የተሠራ ዝርዝር ከፈለጋችሁ አለ። የኒውዚላንዷ አቨሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር አውጥታለች። 570 የቃል ቤተሰቦች (ከአንድ ቃል የሚረቡ ቃላት ስብስቦች) አሉት። በትምህርት ጽሑፎች ውስጥ ከሚገኘው ቃል አሥር በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፤ በአሥር ክፍል የተከፈለ ሲሆን የመጀመሪያው ክፍል በብዛት የሚመጡትን ይዟል።

አሁን አንድ ነገር ሞክሩ። ያንን የመጀመሪያ ክፍል በአንድ እጅ፣ የጂኦግራፊ ወይም የኢኮኖሚክስ መማሪያ መጽሐፋችሁን በሌላ እጅ ያዙ። ስለ ሕዝብ ብዛት የሚያወራ አንድ ገጽ ክፈቱ። «ዲስትሪቢዩት»፣ «ፋክተር»፣ «ኢስቲሜት»፣ «ኢንዲኬት»፣ «ሲግኒፊካንት»፣ «ቬሪ» (መለያየት የሚለው) በዝርዝሩ አሉ። መጽሐፋችሁ ላይም አሉ። እኛ አገር ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ተማሪው የፈተና ቃላት መድበል ለአራት ዓመት ቦርሳው ውስጥ ተሸክሞ ይዞራል ማለት ነው። ያውም ቃሉ ከነዐውዱ፣ ከዚያም በላይ ለጂኦግራፊ ፈተናውም የሚጠቅም ሆኖ። በእኔ ግምት ከሁሉም መንገዶች የተናቀውና ዋጋው የረከሰው ይህ ነው።

ካርድ፦ የወረቀቱና የስልኩ

ፍላሽ ካርድ የሚሠራበት ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1885 ዓ.ም. ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ትርጉም የለሽ ክፍለ ቃላትን ራሱ እየሸመደደ ምን ያህል እንደሚረሳ የለካበትን ጥናት አሳተመ። አብዛኛው መርሳት የሚመጣው ወዲያው ነው፤ እየቆየ ግን ፍጥነቱ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነበቡ። ግማሾቹ ደግመው አነበቡት፤ ግማሾቹ መጽሐፉን ዘግተው ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገላበጠ፤ ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ጥናቱ በምንባብ ላይ የተሠራ ቢሆንም ለቃላትም ትምህርት አለው። ዝርዝሩን አምስት ጊዜ ማንበብ ማታውኑ «ገባኝ» ያሰኛል። ፈተናው ግን ማታውኑ አይደለም።

ካርድ እንግዲህ ራስን መፈተኛ ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ አጥፋችሁ ብትቆርጡት ስምንት ካርድ ይወጣዋል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው አጻጻፉ ላይ ነው። ከፊት እንግሊዝኛ፣ ከኋላ አንድ የአማርኛ ቃል፣ አለቀ።

«ዲክላይን» የሚለውን ውሰዱ። ከኋላው «ቀነሰ» ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል። ፈተናው ላይ ሰውየው የቀረበለትን ግብዣ «ዲክላይን» እንዳደረገ የሚያወራ ዐረፍተ ነገር ይመጣል። ከምርጫዎቹ መሃል «ቀነሰ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ዘው ትላላችሁ። ትክክለኛው መልስ ግን በጨዋ ደንብ «አይሆንልኝም» ማለት ነው። ስለዚህ ከፊት ሁለት አጭር የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ አንዱ ስለ ቡና ዋጋ መውረድ፣ አንዱ ስለ ግብዣው። የቃሉን ቦታ ባዶ ተዉና የመጀመሪያ ፊደሉን ብቻ አስቀምጡ። ከኋላ ቃሉን፣ ሁለቱን ትርጉምና አነባበቡን ጻፉ። አይኤልትስ የምትፈተኑ ከሆነ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ቃሉ ከማን ጋር ይሄዳል? እኛ «ኃይለኛ ዝናብ» ስለምንል በእንግሊዝኛም «ስትሮንግ» ልንለው ይዳዳናል። እነሱ ዝናቡን «ሄቪ» ነው የሚሉት። ፈታኙ ይህን ያያል።

ካርዶቹን ለማስኬድ ሦስት ፖስታ ይበቃል። አንደኛው በየቀኑ፣ ሁለተኛው በሦስት ቀን፣ ሦስተኛው በሳምንት ይታያል። ያወቃችሁት ካርድ ወደ ቀጣዩ ፖስታ ያልፋል፤ የሳታችሁት ወደ አንደኛው ይመለሳል። ዘዴው ሴባስቲያን ላይትነር የተባለ የሳይንስ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው ነው።

አንኪ የተባለው መተግበሪያ ይህንኑ በስልክ ይሠራዋል። ቀኑን ራሱ ያሰላል። አንድሮይድና ኮምፒውተር ላይ ነፃ ነው፤ አይፎን ላይ ይከፈልበታል። አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ፓኬጅ አይበላም። ታዲያ የቱ ይሻላል? ከስምንት መቶ ቃል በላይ ከሆነ አንኪ፤ ወረቀቱ ይበዛባችኋል። ከዚያ በታች ከሆነ ወረቀት። ምክንያቱ ቴክኖሎጂ መጥላት አይደለም። ስልኩን ለካርድ የከፈተ ተማሪ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ቲክቶክ ላይ ነው የሚገኘው። ወረቀት ደግሞ ወላጅም አይጠረጥረውም፤ ስልክ ይዞ «እያጠናሁ ነው» የሚል ልጅ የሚሰማውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሌላው ሰው የሠራውን የአንኪ ካርድ ማውረድም ይቻላል፤ ግን ካርዱን ራስ መሥራት የጥናቱ ግማሽ ነው።

ንባብ፦ ዘገምተኛው ግን ጥልቁ

ጊዜ ካላችሁ ንባብን የሚያህል የለም። ቃሉን ከነወዳጅ ዘመዱ ያመጣላችኋል። ጊዜ ከሌላችሁ ግን ንባብ ቃላት አያስይዝም። አንድ ቃል ደጋግሞ እስኪመጣ ብዙ ገጽ ያስፈልጋል። ከመስከረም የጀመረ ተማሪ ይጠቀምበታል፤ ግንቦት ላይ የነቃ ተማሪ ሌላ መንገድ ይፈልግ።

ዋናው የሚከብደው ደረጃውን መምረጥ ነው። የመስኩ ተመራማሪዎች አንድን ጽሑፍ ያለ እርዳታ ለመረዳት ከመቶው ቃል 98 ያህሉን ማወቅ ይጠቅማል ይላሉ። 250 ቃል ባለው ገጽ ላይ አምስት የማታውቁት ቃል ማለት ነው። ገጹን ስታነቡ በጣታችሁ ቁጠሩ። አንድ እጅ ካለቀና ገጹ ገና ከሆነ መጽሐፉን መልሱት። «ከባዱን ካነበብኩ ቶሎ አድጋለሁ» የሚለው ወኔ በሦስተኛው ገጽ ይሞታል። ለተማሪዎች ተብለው በደረጃ የተዘጋጁ አጫጭር ታሪኮች አሉ፤ ቀጫጭን ናቸውና የልጅ መጽሐፍ ይመስላሉ። አትፈሩ፣ አንብቧቸው።

መሃል ከተማ ለሚኖር ሰው ቦታ አይቸግርም። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ ነው። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ወመዘክርም ከመሃል ከተማ አይርቅም። ካፌ ለካፌ መጽሐፍ ቆልለው የሚዞሩትን አዟሪዎችም አትናቋቸው፤ አሮጌ የእንግሊዝኛ ታሪክ መጽሐፍ ጠይቋቸው፣ ባይዙት ነገ ያመጡላችኋል። ዋጋ ላይ ግን ተከራከሩ።

ጋዜጣስ? ኢትዮጵያን ሄራልድ እ.ኤ.አ. ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይታተማል። የእሱ ጥቅም አንድ ነው፤ ወሬውን አስቀድማችሁ በአማርኛ ታውቁታላችሁ። ስለ ቡና ኤክስፖርት ወይም ስለ ግድቡ ማታ በቴሌቪዥን የሰማ ሰው ጠዋት በእንግሊዝኛ ሲያነበው የማያውቀውን ቃል ይገምተዋል። መገመት ደግሞ ፈተናው የሚፈልገው ራሱ ነው። ችግሩ የመግለጫ እንግሊዝኛ ይበዛዋል። በሳምንት ሁለት ጽሑፍ ይበቃል፤ ከእያንዳንዱ አራት ቃል ወደ ካርድ ይግባ።

መዝገበ ቃላትን በተመለከተ፣ እንግሊዝኛ ከአማርኛው ፈጣን ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ትርጉም ለማየት ይሆናል። ለተማሪ ተብሎ የተዘጋጀው እንግሊዝኛ ከእንግሊዝኛ ደግሞ ትርጉሙን በቀላል ቃላት ይሰጥና ምሳሌ ይጨምራል። ለአይኤልትስ ሁለተኛው ግድ ነው። ለ12ኛ ክፍል ሁለቱንም ማፈራረቅ ያስኬዳል።

የቆዩ ፈተናዎች

እዚህ ላይ አብዛኛው ተማሪ ሲሠራ አይቻለሁ፤ ግን መልስ ለማረም ብቻ ነው የሚሠራው። 70 ከመቶ አገኘሁ፣ ደስ አለኝ፣ ወደ ሚቀጥለው። ቃላት ለማጥናት ከሆነ ግን ያገኛችሁትም ጥያቄ ሥራ አለው። ከአራቱ ምርጫ ሦስቱ የተሳሳቱ ቃላት ናቸው። እነሱንም ታውቋቸዋላችሁ? ፈተና አውጪ ዘንድሮ ማሳሳቻ ያደረገውን ቃል ከርሞ መልስ ሊያደርገው ይችላል። ከአንድ ጥያቄ አራት ቃል ይወጣል፤ ከቆየ ፈተና በላይ ለ12ኛ ክፍል የሚቀርብ መድበል የለም። መልሱን ግን ከአንድ ቦታ ብቻ አትቀበሉ፤ በየቦታው የሚዞረው የመልስ ቁልፍ ስሕተት አያጣውም።

ቴሌግራም፣ ፊልምና የመሳሰሉት

ቴሌግራም ቻናል ፈተናና ወርክሺት ለማግኘት ጥሩ ነው። የዕለቱን ቃል ማየት ግን ማጥናት አይደለም፤ አውራ ጣታችሁ ይለፋል እንጂ አእምሯችሁ አይለፋም። ከአሥሩ ሁለት መርጣችሁ ወደ ካርድ ካላሻገራችሁት ማታ የለም። ደግሞ «ፈተናው ወጥቷል፣ ብር ላኩ» የሚል ቻናል ሲያጋጥማችሁ ዝም ብላችሁ ውጡ።

ፊልም ጆሮ ያሠለጥናል። ለአይኤልትስ ማዳመጥና ንግግር ይረዳል፣ ጽሑፉ ከታች በእንግሊዝኛ እየወጣ ከሆነ ይበልጥ። ለ12ኛ ክፍል ግን ቃላቱ አይገጥሙም፤ ሽጉጥ የያዘ ሰው «ሲግኒፊካንት» አይልም። ቃና ላይ የሚታየው ድራማ ደግሞ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነውና እሱን በእንግሊዝኛ ጥናት ስም ማሳለፍ አይቻልም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ወይም ባቡር ስትጠብቁ ከፊልም ይልቅ የቢቢሲን የእንግሊዝኛ መማሪያ አጫጭር ድምፆች ብትሰሙ ይሻላል፤ ነፃ ናቸው፣ ቃላቱንም ነጥለው ያብራራሉ።

ቃልን መበታተን

እኛ ይህን ሳናስበው እናደርገዋለን። ሰበረ፣ ተሰበረ፣ አሰበረ፣ ስብራት፣ ሰባሪ፤ አንዱን ያወቀ ልጅ ሌላው አይጠፋውም። በእንግሊዝኛም «አናላይዝ»ን የያዘ «አናሊሲስ»ንና «አናሊቲካል»ን ሊያገኛቸው ይችላል። ከፊት የሚቀጠሉ አፍራሽ ምዕላዶችን (እንደ «አን» እና «ኢን» ያሉትን)፣ ከኋላ የሚቀጠሉ ስምና ቅጽል ማድረጊያዎችን ማጥናት የሁለት ሦስት ቀን ሥራ ነው፤ ትርፉ ትልቅ ነው። ግን በጭፍን አትመኑት። «ኢንቫልዩብል» ዋጋ ቢስ ይመስላል፤ ትርጉሙ ዋጋ የማይተመንለት ነው። «ኢኮኖሚክ» ስለ ኢኮኖሚ ነው፣ «ኢኮኖሚካል» ግን ቆጣቢ። ፈተና አውጪዎች እንዲህ ያለውን ይወዳሉ።

አስጠኚ ወይስ የጥናት ጓደኛ?

ለቃላት ብቻ ከሆነ አስጠኚ መቅጠር አልመክርም። ሽምደዳውን እሱ አይሸመድድላችሁም። ለጽሑፍና ለንግግር ግን ሌላ ነው። የጻፋችሁትን አንብቦ «ይህ ቃል እዚህ አይገባም» የሚላችሁ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህን ካርድም አንኪም አይሰጥም። ከመቅጠራችሁ በፊት አንድ አንቀጽ ጽፋችሁ ስጡት። አርሞ ምክንያቱን ካስረዳችሁ ጥሩ ነው። በቀይ ቀለም ነካክቶ «ጎበዝ» ብሎ ከመለሰው ገንዘባችሁን አስቀምጡ።

ጓደኛ ነፃ ነው። ስድስት ኪሎም ሆነ ፒያሳ ሰፈራችሁ ውስጥ አንድ እኩያ ፈልጉና በሳምንት ሁለት ቀን ካርድ ተለዋወጡ። እሷ ያንቺን፣ አንቺ የሷን ትጠይቃላችሁ። ከሦስት ሰው በላይ ከሆነ ግን ጨዋታ ይሆናል።

እንደ ጊዜያችሁ

ዓመት ያለው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ንባብን ዋና፣ ካርድን ደጋፊ ያድርግ። በቀን አምስት ስድስት አዲስ ቃል ከበቂ በላይ ነው። ሦስት ወር የቀረው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ይገልብጠው፤ መማሪያ መጽሐፍና የቆየ ፈተና የቃል ምንጭ፣ ካርድ ዋና ሥራ፣ ንባብ በሳምንት አንድ ቀን። አይኤልትስ ፈተና ሁለት ወር የቀረው ሰው አዲስ ቃል ከመሰብሰብ ይልቅ የሚያውቃቸውን በትክክል መጻፍ ይለማመድ። ከተማው ስላለበት መጨናነቅ አንድ አንቀጽ ጽፎ «ፕሮብሌም» የሚለው ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ይቁጠር፤ የሚያጠናው የት እንዳለ ያኔ ያየዋል።

የመጨረሻው ሳምንት ለሁሉም አንድ ነው። አዲስ ካርድ አይጻፍም። ከፖስታዎቹ ውስጥ የመጀመሪያው ብቻ ይወጣል፤ ደጋግመው የሸወዷችሁ ቃላት ያሉት እዚያ ነውና። ብሔራዊ ፈተናውን ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ የምትፈተኑ ከሆነ ሻንጣ ስታዘጋጁ ስልክ ይዛችሁ እንደማትገቡ አስቡ። በአንኪ ያጠናችሁ ከሆነ የሚያስቸግሯችሁን ሠላሳ አርባ ቃላት በወረቀት ገልብጣችሁ ያዙ። ማደሪያ ውስጥ ታነቡታላችሁ፤ ወደ ፈተና አዳራሹ ስትሄዱ ግን እዚያው ትታችሁት ሂዱ።